ሥራ ሳይለቁ ሶሻል ወርክ ለመማር፦ በአዲስ አበባ ዳር ለሚኖሩ ጎልማሶች የአሠራር መመሪያ

ሠላሳ አምስትን ተሻግረው፣ ቤተሰብ ይዘው፣ በሒሳብ ሠራተኛነት፣ በሽያጭ፣ በመምህርነት ወይም በፋብሪካ ተቆጣጣሪነት እየሠሩ «ትምህርቴን ልቀጥልና ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ባለሙያ) ልሁን» የሚሉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ይህ መመሪያ ለእነርሱ ነው። በተለይም ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከአስኮ፣ አልፎም ከቡራዩና ከሰበታ ማለዳ ተነሥተው ለታክሲ ተሰልፈው ከተማ ለሚገቡ። እኔም ዓመታት በደረሰኝና በቫውቸር መካከል ኖሬ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት።

አብዛኛው ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ከምዝገባ ቀን ነው። እኔ የምመክረው ከመስክ ልምምዱ፣ ማለትም ተማሪው በሥራ ቦታ በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ ከሚሠራው የትምህርቱ ክፍል፣ ተነሥተው ወደ ኋላ እንዲያቅዱ ነው። የክፍል ትምህርት በማታም ሆነ ቅዳሜና እሑድ ይገፋል። የመስክ ልምምድ የሚደረግባቸው ጽሕፈት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ድርጅቶች ግን የሚከፈቱት ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ነው፤ እርስዎም በዚያው ሰዓት ሌላ ቦታ ተቀጥረዋል። የጎልማሳ ተማሪ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሲያነቡ ደረጃ 5ን በአእምሮዎ ይያዙ።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በዓይን ማየት

ከሩቅ ሲታይ ሙያው ርኅራኄ ብቻ የሚጠይቅ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ አብዛኛው ቀን ቅጽ መሙላት፣ የማስተላለፊያ ደብዳቤ መጻፍ፣ ስልክ መደወል፣ ያልተነሣ ስልክ እንደገና መደወልና የሌላ መሥሪያ ቤት በር ላይ መጠበቅ ነው። ይህን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

የሚኖሩበት ወረዳ የሴቶችን፣ የሕፃናትንና የማኅበራዊ ጉዳይን ሥራ የሚያከናውን ጽሕፈት ቤት አለው። ኃላፊውን ሲያነጋግሩ «በጎ ፈቃደኛ ልሁን» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ በጎ ፈቃደኛ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ችግኝ ተከላና የቤት እድሳት ነው። «ባለሙያዎቻችሁ ቤት ለቤት ሲወጡ አብሬ ልውጣ፤ መዝገብ በማደራጀትም ላግዝ» ይበሉ። መዝገብ የሚያደራጅ ሰው የሚጠላ ቢሮ የለም። ቤትዎ ወደ አያት ከሆነ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ቅርብዎ ነው፤ ቅዳሜ ሄዶ አረጋውያንን ማጠብና መመገብ ብዙ ያስተምራል። ሌላው ጥሩ ትምህርት ቤት የራስዎ ዕድር ነው። ከዕድሩ ጸሐፊ ጋር ቁጭ ብለው መዋጮ ያቋረጡ አባላትን ጉዳይ ይጠይቁት። መዋጮ ማቋረጥ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ችግር መግባቱን የሚናገር የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ ጸሐፊውም ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

በዚህ ጊዜ ባለሙያዋ እንዴት «አይቻልም» እንደምትል ልብ ብለው ይመልከቱ። ድጋፍ የሚሰጠው ለአሥር ሰው ሆኖ ሠላሳ ሰው ሲመጣ ለሃያው የሚነገረው ነገር የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በማግሥቱም ተመልሰው ለመምጣት ፈቃደኛ ከሆኑ ይቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ በየትኛው በር እንደሚገቡ መለየት

የሶሻል ወርክ ትምህርት በአገራችን የቆየ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጎንደርን ጨምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል። በመካከሉ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በየቢሮው የማኅበራዊ ባለሙያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂና መሰል ትምህርቶች የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም ብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች «በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በሳይኮሎጂ ወይም በተመሳሳይ መስክ» ይላሉ። ለእርስዎ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከእነዚህ መስኮች በአንዱ ዲግሪ ካለዎት ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ አያስፈልግዎትም። በቀጥታ ለሥራ መወዳደር ወይም ማስተርስ መማር ይችላሉ።

በሌላ መስክ፣ ለምሳሌ በአካውንቲንግ ወይም በነርሲንግ፣ ዲግሪ ካለዎት ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ መጀመር ጊዜ ማባከን ሊሆን ይችላል። የሌላ መስክ ምሩቅ የሚቀበሉ የማስተርስ መርሐ ግብሮች ስላሉ የትምህርት ክፍሉን በቀጥታ ይጠይቁ። የአገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብዎታል። ፈተናው የሚመዝነው የቋንቋ፣ የሒሳብና የማመዛዘን ችሎታን ነው፤ ስለ ሶሻል ወርክ አይጠይቅም። ከትምህርት ቤት ከወጣ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ንባቡና በመቶኛ ስሌቱ ነው። ማታ ማታ ከልጆችዎ የሒሳብ መጽሐፍ ጋር መቀመጥ ያዋጣል፤ ልጆቹም ይስቃሉ፣ እርስዎም ያስታውሳሉ።

የሙያና ቴክኒክ ደረጃ 4 ወይም የቀድሞ ዲፕሎማ ያላቸው ለመጀመሪያ ዲግሪ ያመለክታሉ፤ ለደረጃ 4 የብቃት ምዘና የምስክር ወረቀት አብሮ ይጠየቃል። 12ኛ ክፍልን ብቻ ያጠናቀቁ ሰዎች ጉዳይ የሚወሰነው ፈተናውን በወሰዱበት ዓመት በነበረው የመግቢያ መስፈርት ነው። ማትሪክ የተፈተነና ዛሬ 50 በመቶ የሚጠየቀው ተማሪ በአንድ ሚዛን አይለኩም። የሰፈር ወሬ እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ውጤትዎን ይዘው ሬጂስትራር ይሂዱ፣ ከዚያም የሰጡዎትን መልስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ ወረቀት ማሰባሰብ

ከምዝገባው ስድስት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። የሚያስፈልጉት የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ወይም የማትሪክ ውጤት፣ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና መታወቂያ ናቸው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ተቋም ታሽጎ ወደሚያመለክቱበት ተቋም የሚላክ እንጂ በእጅ የሚያዝ አይደለም። ከአዲስ አበባ ርቀው የተማሩ ከሆነ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ውክልና ቢይዝ ጉዞ ይቀንሳል።

ሁለት እንቅፋቶችን አስቀድመው ይመልከቱ። አንደኛው የወጪ መጋራት ዕዳ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከተመረቁና ዕዳው በወር ደመወዝዎ ሲቆረጥ ካልነበረ፣ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠይቁ ፊትዎ ይደቀናል። አሠሪዎ ሲቆርጥ ከነበረም የተቆረጠው ገቢ ስለመደረጉ ማስረጃ ያውጡ፤ ቆርጦ ያላስገባ መሥሪያ ቤት አይጠፋም። ሁለተኛው ስም ነው። የእርስዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በ12ኛ ክፍል ውጤት አንድ ዓይነት፣ በዲፕሎማው ሌላ ዓይነት፣ በፋይዳ መታወቂያው ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ልዩነት ካለ የትኛውን ዓይነት ማስተካከያ እንደሚቀበል ሬጂስትራሩን ጠይቀው አሁኑኑ ይጀምሩ፤ ምረቃ ሲደርስ የሚገኝ የስም ስህተት ከሁሉም ይከፋል።

ደረጃ 4፦ ተቋም መምረጥ

በከተማው ዳር በየሕንፃው ላይ ኮሌጅ ተከፍቷል፤ ለቤት ቅርብ መሆኑም ይማርካል። ከመግባትዎ በፊት ዕውቅናውን ይመርምሩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋማት ዕውቅና የሚሰጠው በትምህርት ዓይነት፣ በደረጃ፣ በግቢና በአሰጣጥ ዘዴ ለይቶ ነው። ለዋናው ግቢ የተሰጠው ለቅርንጫፉ አያገለግልም። ለመደበኛ ትምህርት የተሰጠው ለርቀት ትምህርት አይሆንም። ለቢዝነስ ማኔጅመንት ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በዚያ ብቻ ሶሻል ወርክ ማስተማር አይችልም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዕውቅና ደብዳቤ ጠጋ ብለው ያንብቡት፦ የትምህርቱ ስም፣ የግቢው አድራሻ፣ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያ ባለሥልጣኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ያስተያዩት። ደብዳቤውን ለማሳየት የሚያቅማማ ሬጂስትራር ካጋጠመዎት ሻይዎን እንኳን ሳይጨርሱ ይውጡ።

ሬጂስትራሩን ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፦ «የመስክ ልምምድ ቦታ የሚያገኘው ማን ነው፣ ተቋሙ ወይስ ተማሪው? ስንት ሰዓት ነው? በሥራ ላይ ያሉ የማታ ተማሪዎቻችሁ ባለፈው ዓመት እንዴት ጨረሱት?» ጥሩ ተቋም የልምምድ አስተባባሪ አለው፤ ስሙንና ቢሮውን ይነግሩዎታል። «ያኔ ይታያል» የሚል መልስ ከሰጡ ያኔ የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከቢሮው ሲወጡ ደጅ ላይ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ፈልገው ያንኑ ጥያቄ ይድገሙለት።

ከዚያ መንገዱን ይፈትሹት። የማታ ትምህርት ብዙ ጊዜ ከሥራ መውጫ በኋላ ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይለቅቃል። በዚያ ሰዓት ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ መገናኛ፣ ከመገናኛ አያት ወይም የካ አባዶ መድረስ በበጋና በሐምሌ አንድ አይደለም። ወደ ቱሉ ዲምቱ ወይም ወደ ጀሞ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ከመመዝገብዎ በፊት በአንድ የሥራ ቀን ማታ ትምህርቱ በሚያበቃበት ሰዓት ከግቢው በር ተነሥተው ቤትዎ ድረስ ይሂዱ። አያት አካባቢ የሚኖር ሰው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ባቡር መጠቀም ይችላል፤ ሆኖም ባቡር በዘገየ ቀን ሌላ አማራጭ ይኑርዎት። ሴቶች ተማሪዎች ከዋናው መንገድ እስከ ብሎካቸው ያለውን ጨለማ መንገድ ጭምር ይቁጠሩ። ጉዞው የማይገፋ ከሆነ የቅዳሜና እሑዱን መርሐ ግብር ይምረጡ፤ ለቅሶም ሠርግም የሚውለው በዚያው ቀን መሆኑን ግን ቤተሰብ ይወቀው።

ደረጃ 5፦ የመስክ ልምምዱን ከመመዝገብ በፊት ማቀድ

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሡ። ለምሳሌ የሚጠየቁት ልምምድ 300 ሰዓት ነው እንበል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 38 የሥራ ቀን ይፈጃል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርለታል። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው 20 ቀን ያህል ያገኛል ማለት ነው፤ ይህም 160 ሰዓት ነው። 140 ሰዓት ይቀራል። ይህን በቅዳሜ ግማሽ ቀን ልሙላው ቢሉ 35 ቅዳሜ ያስፈልግዎታል፤ ቅዳሜ ደግሞ ወይ ክፍል አለዎት ወይ ልምምድ የሚሰጠው ቢሮ ዝግ ነው።

ስሌቱ ተስፋ ለማስቆረጥ የቀረበ አይደለም፤ መፍትሔው አስቀድሞ ከታሰበ ቀላል ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው መላ ፈቃድ ማጠራቀም ነው። የዓመት ፈቃድ በስምምነት ተከፋፍሎ ሊወሰድና ወደ ሌላ ጊዜ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ልምምዱ ከሚውልበት ዓመት በፊት ያለውን ፈቃድ በከፊል ያቆዩ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ የማይዘጋ ቦታ መፈለግ ነው። ሆስፒታል፣ የአረጋውያን ማዕከል፣ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ጊዜያዊ የሴቶች መጠለያ በበዓልም ይሠራሉ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን አይሆንልዎትም። ሦስተኛው ልምምዱን በራስዎ መሥሪያ ቤት ማድረግ ነው፤ ትልቅ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆኑ የሠራተኛ ደኅንነት ወይም የተማሪዎች ምክር ክፍል ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዕለት ሥራዎን በልምምድነት ማስመዝገብ አይፈቀድም፤ የተለየ ክፍልና የተለየ ተቆጣጣሪ ይፈለጋል፤ የትምህርት ክፍሉም አስቀድሞ መስማማት አለበት።

ተቆጣጣሪው ማን እንደሚሆን ከቦታው እኩል ያስቡበት። በሙያው የሠራ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ የጻፉትን የሚያነብልዎ ሰው ከተገኘ ስሙ የገነነ ድርጅት ባይሆንም ይግቡ። ዕድሜው ከእርስዎ በአሥር ዓመት ቢያንስ እንኳ ቀይ እስክሪብቶው እንዲሠራ ይፍቀዱለት።

ደረጃ 6፦ አሠሪና ገንዘብ

አለቃዎን ሲያነጋግሩ «መማር እፈልጋለሁ» ብለው ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ የሥራ ሰዓትዎ የት ላይ እንደሚነካና እንዴት እንደሚያካክሱት የሚያሳይ አንድ ገጽ ይዘው ይግቡ። የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካለ ስለ ትምህርት የሚለውን አንቀጽ አስቀድመው ያንብቡ፤ አንዳንዱ የፈተና ፈቃድ፣ አንዳንዱ የክፍያ ድጎማ አለው። ድጎማ ከወሰዱ ግን የአገልግሎት ግዴታ ይከተላል። ሙያ ለመቀየር የሚማር ሰው ለዓመታት በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የሚያስር ውል ሲፈርም ማየት ያሳዝናል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት አዋጅ ሌላ ስለሆነ የራሳቸውን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ።

ክፍያው ብዙ ጊዜ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ስለሚጠየቅ ለደመወዝተኛ ከባድ ይሆናል። ዕቁብ እዚህ ላይ ይረዳል። ዕቁብ ሲገቡ ዳኛውን አስቀድመው አነጋግረው ዕጣዎ በምዝገባው ወር እንዲሆን ያስማሙ፤ ዕጣ ያልደረሰውን ሰው መጠየቅና መለዋወጥም የተለመደ ነው። የመሥሪያ ቤትዎ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ሌላው መንገድ ነው። ከትምህርት ክፍያው በተጨማሪ ለታክሲ፣ ለፎቶኮፒ፣ ለምሳና ያለክፍያ ፈቃድ ለሚወጡባቸው ቀናት ይያዙ። ስለ ወደፊቱ ደመወዝም ራስዎን አያታልሉ። ከባንክ ወይም ከሽያጭ ሥራ ወደ ወረዳ ማኅበራዊ ባለሙያነት የሚሻገር ሰው ገቢው ሊቀንስ ይችላል፤ ለባለቤትዎ ይህን ዛሬ መንገር ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ትምህርቱን መያዝ

የመጀመሪያው ሴሚስተር በንድፈ ሐሳብና በእንግሊዝኛ ንባብ ያጨናንቃል። አልፎ ይሄዳል። ለጎልማሳ ተማሪ የሚከብደው ለዓመታት የለመደውን መተው ነው፤ ከሁሉም የሚጸናው ልማድ ደግሞ ማስታረቅ ነው። ዕድሜዎ ገፋ ሲል ሰፈር ውስጥ ሽማግሌ ይሆናሉ፣ እትዬ ወይም ጋሼ ተብለው ይከበራሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠራሉ። ይህ ክብር በር ያስከፍታል፤ ወጣቶቹ የክፍል ጓደኞችዎ የሌላቸው ሀብት ነው። ነገር ግን የምትደበደብ ሴት ወይም የተደፈረ ልጅ ጉዳይ ሲገጥምዎት «ተነጋግረው ይታረቁ» ማለት ተጎጂውን ለባሰ አደጋ መስጠት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ወደ ሕክምና፣ ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ነው የሚሄደው። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ እንዳለው ያሉ የተቀናጀ አገልግሎት የሚሰጡ ማዕከላት የት እንደሚገኙ ከመጀመሪያው ዓመት ይወቁ። ሕክምናው በቶሎ መሆን አለበት፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም።

ሁለተኛው የሚለመድ ነገር ማስታወሻ አጻጻፍ ነው። ለማሳያ ያህል በምናብ የተዘጋጁ ሁለት የጉብኝት ማስታወሻዎች እነሆ። ጀማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

«እናትየዋ ግዴለሽ ናት። ቤቱ ቆሻሻ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቷል።»

ልምምዱን የጨረሰ ሰው ደግሞ፦

«ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ 4ኛ ፎቅ። በር የከፈተው የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ የትምህርት ቀን ነው። ውኃ ከጠፋ ስድስት ቀን እንደሆነው እናት ነግረውኛል፤ በር ላይ ሁለት ባዶ ጀሪካን አየሁ። ምድጃ ላይ ሽሮ ተጥዷል። እናት ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ነው፤ ስለ ጤናቸው ስጠይቅ ‹ደኅና ነኝ› አሉ። ውኃ ከምድር ቤት የሚያወጣው ልጁ እንደሆነ ራሱ ነገረኝ። ቀጣይ፦ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር።»

ሁለተኛው ያየውን፣ የሰማውንና የሚያደርገውን ለይቷል። «ግዴለሽ» የሚለው ፍርድ ጠፍቶ በምትኩ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው እናትና ውኃ ቀጂ የሆነ ልጅ ተገኝተዋል፤ የሚቀጥለው ሥራም ራሱ ተለይቶ ወጥቷል። ፋይሉን ነገ ሌላ ባለሙያ ወይም ፍርድ ቤት ሊያነበው እንደሚችል እያሰቡ ይጻፉ። በሰፈርዎ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነም ደብተርዎ ላይ የባለጉዳይ ስም አይጻፉ፤ ቁጥር ይጠቀሙ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ደብተር በረንዳ ላይ ከተረሳ ብሎኩ ሁሉ ያነበዋል። ከባለጉዳይ ጋር ሲነጋገሩ ዕድሜው ቢያንስም በአንቱታ ይጀምሩ።

ደረጃ 8፦ የከተማ ዳር ሥራ የሚጠይቀው

በክፍል ውስጥ ብዙ የማይነሣ፣ እዚህ ግን በየቀኑ የሚገጥም ነገር አለ። ከመሐል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነሥተው ዳር የገቡ ቤተሰቦች ቤት አግኝተው ሊሆን ይችላል፤ ዕድራቸውን፣ ጉልታቸውን፣ ዱቤ የሚሰጣቸውን ባለሱቅና ልጅ የሚጠብቁላቸውን ጎረቤቶች ግን አጥተዋል። የቀን ሥራ ለመፈለግ መሐል ከተማ መመለስ አለባቸው፤ የታክሲው ሒሳብ የዕለት ገቢውን ይበላል። በአጠገባቸው ደግሞ መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ይኖራሉ። የሁለቱ ችግር አይመሳሰልም፤ አንዱ ሰፈሩን ሌላው እርሻውን ነው ያጣው።

ለዚህ ሁለት ነገር ያዘጋጁ። መጀመሪያ፣ አፋን ኦሮሞ የማይችሉ ከሆነ ዛሬ ይጀምሩ። ስለ ሕመም፣ ስለ ልጅና ስለ ቤት ኪራይ ያለ አስተርጓሚ መጠየቅ እስኪችሉ ድረስ ይግፉበት፤ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀርበው ጎረቤት ወይም የባለጉዳይዋ ልጅ ስለሆነ ምሥጢር አይኖርም። ቀጥሎም የአስተዳደር ወሰኑን ይወቁ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ሥር ባለው ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። ከመንገዱ በአንድ ወገን የቆመ ባለጉዳይ የአዲስ አበባ፣ በሌላው ወገን ያለው የሸገር ከተማ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነፃ ተጠቃሚነትም ሆነ የከተማ ሴፍቲኔት ምልመላ የሚሄደው ሰው በተመዘገበበት አስተዳደር በኩል ስለሆነ፣ ወደ ተሳሳተ ቢሮ የተላከ ሰው ሁለት ቀንና የታክሲ ገንዘብ አጥቶ ይመለሳል። ለራስዎ አንድ ደብተር ያዘጋጁና በሁለቱም ወገን ያሉትን ጽሕፈት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ፖሊስ ጣቢያዎችና ዕድሮች ከነሚቀበሉበት ቀንና ከሚጠይቁት ሰነድ ጋር ይመዝግቡ። ሲመረቁ ይህ ደብተር ከትራንስክሪፕትዎ ይልቅ ሊያስቀጥርዎ ይችላል።

ደረጃ 9፦ መውጫ ፈተናና ሥራ ፍለጋ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ቢማር አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ በመዳፊትና በስክሪን መሥራት ካልለመዱ አስቀድመው ይለማመዱ። የመጀመሪያውን ዓመት ማስታወሻዎች አይጣሉ፤ ጥያቄው ከአራቱም ዓመት ይመጣል።

ሥራ ሲያመለክቱ የቀድሞ ልምድዎን «ሌላ መስክ ነው» ብለው አያስቀሩት። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከቀድሞ አሠሪዎ ሲያወጡ የሥራ መደቡን ስም ብቻ እንዳይጽፉልዎ ዝርዝር ተግባራትዎ እንዲካተቱ ይጠይቁ፦ ቅሬታ ተቀብለዋል? አዲስ ሠራተኞችን አሠልጥነዋል? የሠራተኞችን የመረዳጃ ገንዘብ ይዘዋል? መዝገብና ሪፖርት አዘጋጅተዋል? ደብዳቤው ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ፣ ደመወዝዎንና የሥራ ግብር መከፈሉን ይግለጽ፤ ብዙ ቀጣሪዎች ግብር ያልተከፈለበትን ልምድ አይቆጥሩም። የበጎ ፈቃድና የመስክ ልምምድ ማስረጃዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደ ሥራ ልምድ የሚያዙበት አጋጣሚ ትንሽ ነው፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዘንድ ግን ክብደት አላቸው፣ በተለይ ተቆጣጣሪዎ የሠሯቸውን ጉዳዮች ዓይነትና ብዛት ከጻፈበት። ይህን ደብዳቤ የልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት ሳያልቅ፣ ማኅተም አስደርገው፣ በሁለት ቅጂ ይቀበሉ። ተቆጣጣሪዎ በሚቀጥለው ወር ሌላ ድርጅት ገብቶ ሊሆን ይችላል።